ላም አለኝ በሰማይ፦ የፊልም ኪራይና ወርኃዊ ክፍያ ከመርሳ ሲታዩ



ስለ ፌዴራል ሥርዓት፣ ስለ ምርጫና ስለ ፍርድ ቤቶች ነፃነት ሲጽፍ የኖረ ሰው ድንገት ተነሥቶ ስለ ፊልም ማየት ሲጽፍ ብታዩት «መምህሩ ሥራ ፈታ» ብትሉ አልፈርድባችሁም። እኔም ጉዳዩ በመጀመሪያ ሲቀርብልኝ ከዚህ የተለየ ግምት አልሰጠሁትም ነበር። ለጥያቄው በችኮላ የመለስኩት መልስ ስሕተት መሆኑን ለመረዳት ሦስት ቀን ስለፈጀብኝ ግን፣ የተረዳሁትን ለእናንተም ማካፈሉ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለፋሲካ በዓል ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ መርሳ ሄጄ ነበር። መርሳን ለማታውቁ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወልዲያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ነች። ብዙው ተጓዥ የሚያውቃት አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት በሚቀርብለት ማንጎና ብርቱካን ነው። እዚያ የምትኖረው የእህቴ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ስትሆን ታላቅ ወንድሟ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ይኖራል። ይህ ወንድሟ «ከእንግዲህ የምታይውን ፊልም ወጪ እኔ ልቻለው» ብሎ ሁለት አማራጭ አቅርቦላታል። አንደኛው በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ እየከፈለላት እንደ ኔትፍሊክስ ካሉት «ስትሪሚንግ» ከሚባሉት አገልግሎቶች የፈለገችውን ያህል እንድታይ ነው። ሁለተኛው ፊልም በመረጠች ቁጥር የዚያን ፊልም ኪራይ ብቻ እንዲከፍልላት ነው።

«ጋሼ፣ አንተ እንግዲህ ዶክተር ነህ፤ የቱን ልበለው?» አለችኝ።

የሦስተኛ ዲግሪዬን ስሠራ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ፈታኝ አልነበረም። ቢሆንም እንደ አብዛኛው የተማረ ሰው ሳላመነታ መለስኩ። «ወርኃዊው ይሻልሻል» አልኳት። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ የጥቂት ፊልሞች ኪራይ ከአንድ ወር ክፍያ ጋር ይስተካከላል፤ በወር አሥር ፊልም ለሚያይ ሰው በየፊልሙ መክፈል ኪሣራ ነው። ይህ ስሌት መብራትና ኔትወርክ እንደ አየር በተፈጥሮ የተሰጡ ናቸው ብሎ የሚነሣ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ የተሠራ ስሌት መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አላልኩም።

ለማያዘወትሩት አንባብያን የሁለቱን ልዩነት ባጭሩ ላስረዳ። ወርኃዊ ክፍያ የሚከፍል ሰው የአንድ ትልቅ መጋዘን በር ለአንድ ወር ይከፈትለታል። ወሩ እስኪያልቅ ከመደርደሪያው ያሻውን ያያል፤ ክፍያው የተቋረጠ ዕለት በሩ ይዘጋል። ባለመጋዘኑም ከፊልሞቹ ባለመብቶች ጋር ባለው ውል መሠረት መደርደሪያውን በየጊዜው ይቀያይረዋል፤ ትናንት የነበረ ፊልም ዛሬ ላይገኝ ይችላል። ተከራይ ግን የሚከፍለው ለአንድ ፊልም ነው። በጉግል፣ በአፕልና በአማዞን ዘንድ በተለመደው ውል መሠረት ፊልሙን ለመጀመር 30 ቀን፣ አንዴ ከተጀመረ ደግሞ ለመጨረስ 48 ሰዓት ይሰጠዋል። ይህን 48 ሰዓት ያዙልኝ።

በመጀመሪያው ምሽት ከወርኃዊ አገልግሎቶቹ በአንዱ አንድ ፊልም ከፈትን። በእናቴ ቤት ጓሮ ካለው ማንጎ ሥር ካልሆነ በቀር ዳታ አይገኝም። ስለዚህ ስልኩን ከቅርንጫፉ ላይ አንጠልጥለን ከእርሱ ወደ ቤት እያሻገርን ነበር የምናየው። ፊልሙ ጥቂት ይሄድና ያቺ የምታውቋት ክብ መዞር ትጀምራለች። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ እስክትጠግብ ከታገሠች በኋላ «ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው በየደቂቃው የሚያርፈው?» ብላ ጠየቀች። ሰውዬው ሳይሞትም ሳይድንም የገዛነው ፓኬጅ አለቀ።

በሁለተኛው ቀን ኪራዩን ሞከርን። ፊልሙን ሌሊት፣ ኔትወርኩ ጋብ ሲል፣ ስልክ ላይ አውርደን በማግስቱ ማታ ከፈትነው። እኩሌታው ላይ መብራት ሄደ። የስልኩም ባትሪ ተከተለው። መብራት ተመልሶ ስልኩ እስኪሞላ፣ በመካከሉም የበዓል እንግዳ ሲመጣ ሲሄድ፣ 48ቱ ሰዓት አለቀና ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳናውቅ ፊልሙ ተዘጋብን። ሰዓቱ የሚቆጥረው መብራት ያለበትን ሰዓት ብቻ አይደለምና።

የአገሬ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው እንዲህ ያለውን ሀብት ሳያይ መሆኑ ያስደንቃል።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ጽሑፉ ስለ ኔትወርክ ጥራት የቀረበ አቤቱታ ሆኖ ይቀር ነበር፤ እንዲህ ላለው አቤቱታ ደግሞ ሌላ ቢሮ አለው። በሦስተኛው ቀን ግን ከዋናው መንገድ ዳር ሱቅ ወዳለው የልጅነት ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ። ሱቁ ስም የለውም፤ ሰው ሁሉ «ማስጫኛው» ይለዋል። ፊልም፣ ዘፈን፣ መንዙማ፣ መዝሙር፣ የቱርክ ድራማ በፍላሽና በሚሞሪ ይጭናል። ሠርግና ምርቃትም ይቀርጻል።

እኔና ይህ ወዳጄ ፊልምን የተዋወቅነው በ1980ዎቹ መጨረሻ በአንድ ቪዲዮ ቤት ነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ ጭቃ ግድግዳ፣ ከግንድ የተጠረበ አግዳሚ፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር። የህንድ ፊልም ሲሆን አሚታብ ባቻን ሲመታ ቤቱ በሙሉ አብሮ ይመታል። ቋንቋውን ማንም አያውቀውም፤ ታሪኩን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ቆይቶ ቪሲዲ መጣና ፊልሙ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ቤት ገባ። ያኔ ነው እውነተኛው ኪራይ የተጀመረው። መታወቂያህን ታስይዛለህ፤ ባለሱቁ በደብተሩ ስምህንና የፊልሙን ስም ይጽፋል፤ በማግስቱ ትመልሳለህ። ካልመለስክ ቅጣት አለ፤ ከቅጣቱ በላይ ግን እናትህ ገበያ ላይ ስትታይ «ልጅሽ ሲዲያችንን አስቀረብን» መባሉ ነው የሚያስፈራው። በዚያው ዘመን እነ «ቀዝቃዛ ወላፈን» የከፈቱት የአማርኛ ፊልም በር ሰፍቶ ነበርና፣ ከአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የወረደው ፊልም በቪሲዲ እየታተመ መርሳ ድረስ ይመጣ ነበር። ወዳጄ ለአከፋፋይ ይከፍላል፤ አከፋፋዩ ለባለፊልሙ ይከፍላል፤ እኛ ለወዳጄ እንከፍላለን። ሰንሰለቱ ቀጭን ነበር፤ ግን ነበር።

ፍላሽ ይህን ሰንሰለት በጠሰው። አንድ ቅጂ መርሳ ከገባ በሳምንቱ ወረዳውን ያዳርሳል፤ ባለፊልሙ ዘንድ የሚደርስ ሳንቲም ግን የለም። ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የማባዛትን፣ ለሕዝብ በሽያጭም ሆነ በኪራይ የማሠራጨትን መብት ለሥራው አመንጪ ሰጥቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007ም ተሻሽሏል። ሆኖም ሕጉ የተጻፈበት አዲስ አበባና ፍላሹ የሚሰካበት መርሳ ተገናኝተው አያውቁም። ወዳጄን በድፍረት «ሌብነት አይደለም ወይ?» አልኩት። አልተቆጣም።

«ባለቤቱ ቢመጣ ከእያንዳንዱ ጭነት ድርሻውን እሰጠዋለሁ» አለኝ። «ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው መጥቶ ‹የእኔ ፊልም ስንት ጊዜ ተጫነ?› ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ሊከስ የመጣም የለም፤ ሊዋዋል የመጣም የለም።»

ይህን ንግግሩን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ትልቁ ኩባንያ ጥቂት ማለት አለብኝ። ዛሬ የወርኃዊ ክፍያ ምሳሌ የሆነው ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲመሠረት የቪዲዮ ኪራይ ቤት ነበር። ዲቪዲውን በፖስታ ይልካል፤ ደንበኛው አይቶ በፖስታ ይመልሳል። በኢንተርኔት ማሳየት የጀመረው በ2007 ነው፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ 130 አገሮች በአንድ ቀን የገባው በጥር 2016 ነው፤ የመጨረሻውን ዲቪዲ በቀይ ፖስታ የላከው ደግሞ እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 2023 ነው። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አሜሪካኖች በዚያ ቀን «ፊልም በእጅ የሚያዝበት ዘመን አለፈ» ብለው በትዝታ ሲጽፉ አነበብኩ። በዚያው ቀን በአማራ ክልል፣ ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋር የተቋረጠው የስልክ ኢንተርኔት ሁለት ወር ሊሞላው ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ወራት አልተመለሰም። ለመርሳ ሰው ከፊልም ሁሉ የቀረው በእጅ የተያዘው ብቻ ነበር።

ይህን ክስተት ለአንድ ክልል ብቻ የደረሰ አድርጎ ማየትም ስሕተት ነው። ሰኔ 2011 ላይ ከባህር ዳሩና ከአዲስ አበባው ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ተዘጋ። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ አገሪቱ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ገደማ ጨለመች። ትግራይ ለሁለት ዓመት ገደማ ከዓለም ተቆራርጣ ኖራለች። የካቲት 2015 ላይ ደግሞ ከፌስቡክ፣ ከቴሌግራምና ከቲክቶክ ጋር ዩቲዩብም ታግዶ ወደ አምስት ወር ቆይቷል። የመጨረሻው ለዛሬው ጉዳያችን ከሁሉም የቀረበ ነው። የአማርኛ ፊልም ሲኒማ ቤቱን፣ ቪሲዲውንና ቴሌቪዥኑን አልፎ በመጨረሻ የሚያርፍበት መደርደሪያ ዩቲዩብ ሆኗልና፣ ያን ሰሞን የተዘጋው የፖለቲከኞች መለፍለፊያ ብቻ አልነበረም፤ የአገሪቱ የፊልም ቤተ መጻሕፍትም አብሮ ነው የተቆለፈው። ይህን ያስተዋለና የጻፈ ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ እኔም አልጻፍኩም።

እንግዲህ በወርኃዊ ክፍያና በኪራይ መካከል ያለው ምርጫ በእኛ አገር የዋጋ ጥያቄ ብቻ እንዳይሆን የሚያደርገው ይህ ነው። ወርኃዊ ከፋይ ኢንተርኔት ሲዘጋ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጣል፤ ገንዘቡ ግን ካርዱ እስኪቋረጥ ድረስ መቆረጡን ይቀጥላል። ስልክ ላይ አውርዶ ያስቀመጠውም ቢሆን ጊዜው ሲያልፍ ከባለመጋዘኑ ጋር በኢንተርኔት ተገናኝቶ ካልታደሰ አይከፈትም። ተከራይ የሚያጣው አንድ ፊልም ነው። ገዝቶ በእጁ ያኖረ ሰው ግን የሚያጣው ነገር የለም።

ይህን በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ከተናገርኩ በቂ በሆነ ነበር፤ ወዳጄ ግን ከጽንሰ ሐሳብ የከበደ ነገር አሳየኝ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሰሜን ወሎ ባለፈባቸው ወራት አካባቢው ከመብራት፣ ከስልክና ከባንክ ተለይቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያን ጊዜ የወዳጄ ሱቅ ተዘረፈ። ኮምፒዩተሩ ከነዲስኮቹ ተወሰደ። በዲስኮቹ ላይ ከፊልሙ ሌላ ለአሥራ ሁለት ዓመት የቀረጻቸው የመርሳና የአካባቢዋ ሠርጎች ነበሩ። ከሙሽሮቹ መካከል ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ። ከሽማግሌዎቹ መካከል ድምፃቸው ሌላ የትም ያልተቀዳ አሉ።

«ፊልሙ አላሳሰበኝም፤ ፊልም ይገኛል» አለኝ። «ሠርጉ ነው።»

ከጦርነቱ በኋላ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። አዲስ ኮምፒዩተር በዕዳ ገዛ። ከዚያም የድሮ ደብተሩን (ደብተር የሚዘርፍ የለም) ይዞ ቤት ለቤት ዞረ። «የሠርጋችሁን ሲዲ አላችሁ?» እያለ። አንዱ ከሳጥን፣ አንዱ ከቁርኣኑ ሥር፣ አንዷ ከስእለ ማርያሟ ጀርባ እያወጡ ሰጡት። የተቧጨረ ሲዲ፣ ግማሹ የማይነበብ፣ ሌላው ሦስት ቦታ የተቀዳ። አንዲት እናት የልጇን ሠርግ ሲዲ ጦርነቱ ሲመጣ በቡና ሙቀጫ ውስጥ አድርጋ ቀብራው ነበር፤ ቆፍራ አወጣችለት። እኔ ሱቁ በደረስኩበት ቀን ከደብተሩ ከተጻፉት ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን መልሶ አግኝቷል። የቀሩት ይገኙ እንደሆነ ስጠይቀው «አብሽር፤ አዲስ አበባም ጅዳም የሄደ ዘመድ አላቸው፣ አንድ ቀን ይልካሉ» አለኝ።

አንድ መጋዘን ሲዘረፍ ጠፍቶ የነበረው፣ በመቶ ቤት ተበትኖ ስለነበር ተገኘ። በቤተ መዛግብት ሥራ ላይ ያሉ ባልደረቦቼ ይህንን ነገር በረጃጅም ስሞች ይጠሩታል። እኔ ግን ለእህቴ ልጅ የሰጠሁትን መልስ ያፈረስኩት እዚያ ሱቅ ውስጥ፣ የተቧጨሩትን ሲዲዎች ሳይ ነው።

ከእኛው ሰው የወጣ ሌላ ምሳሌም አለ። ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። እርሱ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ ከከተማ ከተማ አሳየው። ከዚያም ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር በዋሽንግተን፣ ለረጅም ዘመን ካስተማረበት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም የተሰየመ የቪዲዮና የመጻሕፍት ሱቅ ከፈተ። በዚያ ከተማ የኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያውቁታል። እንግዲህ ፊልሙን አሳልፎ ሳይሸጥ፣ መብቱን ሳይለቅ ያን ሁሉ ዘመን በገዛ መደርደሪያው ላይ አቆየው። ከ28 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 2014 ዓ.ም. ላይ፣ ፊልሙ በአቫ ዱቨርኔ ድርጅት አማካይነት ታድሶ ወደ ኔትፍሊክስ ገባ። ትልቁ መጋዘን ከትንሹ ሱቅ ዘንድ መጣ ማለት ነው። ኃይሌ መደርደሪያ ባይኖረው ምን ይዞ ይደራደር ነበር?

በነገራችን ላይ ያ መስከረም 2014 መርሳ ያለ መብራት የነበረችበት መስከረም ነው።

«ታዲያ ከወርኃዊው ይልቅ ኪራይ ይሻላል እያልክ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ለአዲስ አበባ አንባቢዬ፣ ቤቱ ድረስ ፋይበር ላስገባውና የውጭ አገር ካርድ ላለው፣ ምርጫው ያን ያህል አያስጨንቅም። በክረምት ወርኃዊውን ይክፈል፣ ሲሰለቸው ያቋርጥ። ዶላር ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የት እንደደረሰ እርሱ ከእኔ በላይ ያውቃል። የአሜሪካ ዘመዱን የይለፍ ቃል ተጋርቶ ለመኖር ያሰበ ካለ ደግሞ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአንድ ጣሪያ ሥር ለማይኖሩ ሰዎች ይህን በር እያጠበበው መጥቷል። በእነርሱ ትርጉም «ቤተሰብ» ማለት በአንድ ዋይፋይ የሚኖር ሰው ነው፤ የወሎን ቤተሰብ አያውቁትም። የአማርኛ ፊልም ግን በዚያ መደርደሪያ ላይ እምብዛም አይገኝም፤ ባለፊልሙ ራሱ በኪራይም ሆነ በሽያጭ ሲያቀርበው ለዚያ አንድ ፊልም መክፈሉ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነው።

ለመርሳ፣ ለግራና፣ ለውርጌሳ ግን ሁለቱም አማራጮች በልካቸው አልተሰፉም። ለእነርሱ የሚያስፈልገው ከወዳጄ ሱቅ የሚጀምር ነገር ነው። በኩባ ለብዙ ዓመታት ኢንተርኔት ብርቅ በነበረበት ጊዜ «ሳምንታዊው ጥቅል» የሚሉት ነገር ተፈጥሮ ነበር፤ የሳምንቱ ፊልም፣ ድራማና ዜና በአንድ ዲስክ ተጭኖ ከሃቫና እየወጣ በእጅ በእጅ ደሴቲቱን ያዳርሳል። የእነርሱ ጥቅል ለባለመብት አይከፍልም ነበር፤ ሠራዊቱ ሁሉ ግን ነበረው፣ አጓጓዡ፣ ጫኙ፣ ደንበኛው። እኛም ያ ሠራዊት አለን። የጎደለን የክፍያው መስመር ነበር፤ እርሱም ከግንቦት 2013 ጀምሮ በቴሌብር መልክ በየሰዉ ስልክ ገብቷል። የአማርኛ ፊልም አምራቾች በማኅበራቸው በኩል ለእንዲህ ያሉ ሱቆች ፈቃድ ቢሰጡ፣ ለእያንዳንዱ ጭነት ጥቂት ብር በስልክ ቢሰበስቡ፣ አዲስ አዋጅ አያስፈልጋቸውም፤ 410/1996 የማከራየትንና የማሠራጨትን መብት አስቀድሞ በእጃቸው አድርጎታል። ዘፋኞቻችን በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለውን መተግበሪያ ሲጀምሩ ዘፈን በዘፈን መሸጥ እንደሚቻል ሞክረዋል፤ ኤልያስ መልካ ከመሞቱ በፊት የደከመበት አንዱ ሥራ ይህ ነበር። ፊልም ሠሪዎች ከዚያ ሙከራ የተማሩት ነገር ካለ እስከ ማስጫኛው ሱቅ አልደረሰም።

«ፈቃድ ያለው ጫኝ አንድ ጭነት አስመዝግቦ ዘጠኝ ቢሰርቅስ?» ትሉኛላችሁ። ይሰርቃል። ዛሬ አሥሩንም እየሰረቀ ነው። ከባዶ አንድ ይሻላል የሚለው ክርክር ለምሁር የማይመጥን መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ወዳጄን ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ያላናገረው በዘጠኙ ተናዶ ነው ብዬ አላምንም። ማንም ያላናገረው መርሳ በማንም ስሌት ውስጥ ስላልነበረች ነው። ወርኃዊ ክፍያውንም የፈጠሩት፣ የ48 ሰዓቱን ውል የጻፉትም፣ የቅጂ መብት አዋጁን ያረቀቁትም፣ ኢንተርኔቱን በአንድ ትእዛዝ የዘጉትም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆሞ ስልኩን ያንጠለጠለ ሰው አልታያቸውም።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። በአራተኛው ቀን ሻንጣዬን ሳዘጋጅ መልሴን መለወጤን ነገርኳት። ወርኃዊውን ተይው፤ በየወሩ አንድ ፊልም፣ ሲቻል ኪራይ ሳይሆን ግዢ፣ እርሱ እዚያ ያግኘውና በዲስክ ይላክልሽ፤ መጀመሪያም «ቴዛ»ን ይፈልግልሽ አልኳት። ገርሟት አየችኝና፣

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ትናንት ነግሬዋለሁ» አለች። «ዲስኩን ብቻ ላክ፣ ባዶውን። ሁለት ቴራ የሚይዝ። ለማስጫኛው ነው፤ ሠርጎቹ አንድ ቦታ ብቻ ተቀምጠዋል።»

ዲስኩ ከቨርጂኒያ በአንድ መንገደኛ እጅ መጥቶ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ አርፏል። ለመስቀል ወደ መርሳ ከሚወርድ ሰው ጋር እልከዋለሁ።